«አልፈልግም» ሲሉት የሚመለስ እንግዳ

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ 1985 ዓ.ም.፣ ሽሮ ሜዳ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ከኋላዬ መጥቶ ባቴን ነከሰኝ። ቁስሉ ከባድ አልነበረም። ከባዱ ነገር የውሻው መጥፋት ነው። የነከሰ ውሻ ከተገኘ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ እስከዚያ ካልታመመና ካልሞተ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረም ማለት ነው። የኔው አልተገኘም። ስለዚህ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ክትባቱ ወደሚሰጥበት ፓስተር ወሰደችኝ።

የዚያን ጊዜው ክትባት የሚሰጠው ሆድ ላይ ነበር፤ 14 ቀን፣ በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላም ቀን እየተቆጠረ ተጨማሪ። ጠዋት ጠዋት እማዬ እጄን ይዛ ታደርሰኛለች። እኔ ስወጋ እሷ ወደ ግድግዳው ዞራ «እመ ብርሃን» ትላለች። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም። የሚጠየቅ ጉዳይም አልነበረም፤ ያ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። መርፌው ሕይወቴን አትርፎልኝ ይሆናል። ግን ውሻና መርፌ እኔ ውስጥ አንድ ላይ ተሰፍተው ቀሩ። ካደግኩ በኋላም ውሻ ሳይ እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ሆዴን ይሸፍናል።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ልጄ በተኛችበት የሆስፒታል ክፍል በር ላይ አንዲት ወጣት ከትልቅ ውሻ ጋር ቆማ «ብንጎበኛችሁ ደስ ይላችኋል?» አለችን። «አይሆንም» አልኩ። ልጄን አላማከርኳትም። ዞር ብዬ ፊቷን እንኳን አላየሁም። በሩ ሲዘጋ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

6 ዓመቷ ነበር። ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር፣ መሆኑ ከተነገረን 5 ቀን ሆኖናል።

ሆስፒታል የተኛ ልጅ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መብራት ይበራና ደም ይቀዳል። ሙቀትና የደም ግፊት የሚለካው ይከተላል። ከዚያ ዶክተሮቹ ተሰብስበው ይገባሉ፣ ሆዷን ይጫናሉ፣ ብብቷን ይዳስሳሉ። ከዚያ መራራው መድኃኒት። ሁሉም ደጎች ናቸው፤ ስማቸውን ይነግሯታል፣ ያጫውቷታል። ነገር ግን ወደዚያ ክፍል የሚገባ ሰው ሁሉ ከሰውነቷ የሚወስደው ወይም ወደ ሰውነቷ የሚያስገባው ነገር አለው። ደረቷ ላይ ከቆዳዋ ሥር ፖርት የሚሉት ትንሽ ነገር ተቀብሮላታል፤ ኬሞው፣ የካንሰሩ መድኃኒት፣ የሚገባው በእሱ ነው፤ በየጊዜው በመርፌ ይከፈታል። የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ስላለ ወገቧም ይወጋል። ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ፊቷን አሳብጦ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያስርባታል፣ ሁለት ጊዜ ያስለቅሳታል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ደግሞ እግሯን አዝሎ ከአልጋ መውረድ አስጠላት።

ልጄ ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ «እኔ ራሴ» እያለች ያደገች ናት። ጫማ ላስርልሽ ስላት «እኔ ራሴ»፤ እንጀራ ልቁረስልሽ ስላት «እኔ ራሴ»። ያ ቃል በዚያ ሳምንት ከአፏ ጠፋ። አቅፌ ሽንት ቤት ስወስዳት ዝም፣ ሳጎርሳት ዝም። በሕመሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነበር፤ የደም ምርመራው ቁጥር እንኳን እንዲህ አላስፈራኝም።

ወጣቷ ከ4 ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። የሥራዋ መጠሪያ ቻይልድ ላይፍ ስፔሻሊስት ይባላል። ነርስ አይደለችም፣ መርፌም አትይዝም፤ ሥራዋ ልጆች የሚደረግላቸውን ሕክምና በጨዋታ እንዲረዱትና እንዲዘጋጁበት መርዳት ነው። ውሻው ከእሷ ጋር ይሠራል፣ ማታ ከእሷ ጋር ወደ ቤት ይገባል። በዚህኛው ጊዜ እኔን አልጠየቀችኝም፤ በርከክ ብላ ልጄን አየቻት።

«እሱ ያለ ፈቃድ አይገባም» አለቻት። «ክፍሉ ያንቺ ነው። ግባ ካልሽው ይገባል፣ አልፈልግም ካልሽው ይሄዳል።»

ውሻው ደፉ ላይ ተቀምጧል። የፊት እግሮቹ ከበሩ መስመር አላለፉም። ልጄ ብዙ አየችው። ከዚያ «አልፈልግም» አለች።

ወጣቷ «እሺ» አለች፤ ለውሻው አንድ ቃል ተናገረች፤ ተነሣ፣ ዞረ፣ ሄዱ። «ለምን?» የለ፣ «ትንሽ ብቻ» የለ፣ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» የለ።

ጥቂት ቆይታ ልጄ ከአልጋው ላይ «ሄደ?» አለችኝ።

«ሄደ።»

«እኔ ስላልኩ ነው?»

«አዎ፣ አንቺ ስላልሽ።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ማታ የእራት ትሪው ሲመጣ ግን፣ ልስብላት እጄን ስዘረጋ፣ «እኔ ራሴ» አለችኝ።

እኛ እንግዳ ከበር አይመለስም ተብሎ የተነገረን ሰዎች ነን። ልጄ ግን ያን ሳምንት ከምንም በላይ የሚመለስ እንግዳ ነበር የሚያስፈልጋት። ደም ቀጂውን «ሂድ» ማለት አትችልም። ኬሞውን አትችልም። ጸሎት ሊያደርሱ የመጡትን ዘመዶቻችንን እንኳን አትችልም፤ ተነሺና ሳሚ ትባላለች። ከሚገቡት ሁሉ «አልፈልግም» ብላ ልትመልሰው የቻለችው አንድ ውሻ ብቻ ነው። ስለ እነዚህ ውሾች ጥቅም ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ ለስላሳ ናቸው፣ ያጽናናሉ፣ ያስቃሉ። እውነት ነው። እኔ ያየሁት የመጀመሪያው ጥቅም ግን ውሻው ከመግባቱ በፊት የሆነው ነው።

በማግስቱ ራሷ አስጠራችው።

ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር የተዳቀለ፣ የጀርባው ቀለም በደንብ የበሰለ ድፎ ዳቦ የመሰለ ነው። አንገቱ ላይ እንደ ሠራተኞቹ ሁሉ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ስሙ ሌላ ነው፤ ልጄ ግን ገና ስታየው «ዳቦ» አለችው፣ በዚያው ጸና። አልጋው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጠፈ፤ እጃችንን በፈሳሹ አሸን፤ «ውጣ» ሲባል ቀስ ብሎ ወጣና፣ ቱቦዎቹን ሳይነካ፣ ርዝመቱን ሁሉ ከእግሯ ጎን ዘርግቶ ተኛ። እኔ መስኮቱ ጋ ነኝ፤ እጄ ሆዴ ላይ ነው። ልጄ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳርፋ ሲተነፍስ ከፍ ዝቅ የሚለውን ትከተል ጀመር። ሳታውቀው የራሷም ትንፋሽ ከእሱ ጋር ረዘመ። ያን ዕለት ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሆስፒታል ከገባን ጀምሮ ቀን ላይ ዓይኔን ስከድን የመጀመሪያዬ ነበር።

ፖርቱ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ ከመርፌው በፊት የሚሆነውን ሁሉ በዳቦ ላይ ተለማመዱ። ወጣቷ ጨርቅ አሻንጉሊት ላይ ፖርት ሰፍታለች። ልጄ ዳቦ ደረት ላይ ማደንዘዣ ክሬም የቀባች መስላ ትቀባለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ አድርጋ ልቡን ታዳምጣለች፣ «አሁን ትንሽ ይቀዘቅዝሃል፣ አትነቃነቅ» ትለዋለች። ነርሷ ለእሷ የምትላትን፣ በነርሷ ድምፅ። ውሻው አይነቃነቅም። እውነተኛው መርፌ ሲመጣ ሁላችንም ጭምብል አጠለቅን፤ ዳቦ ከንጹሑ ቦታ ርቆ እግሯ ጋ ተኛ። ልጄ አለቀሰች። ይህን አልደብቅም፤ ውሻ ስለመጣ መርፌ መርፌ መሆኑን አይተውም። ነገር ግን ቀድሞ ሁለት ሰው ይዟት የሚደረገው ነገር፣ ያን ቀን ማንም ሳይዛት ተደረገ። ሲያልቅ ዝቅ ብላ «አንተም ጎበዝ ነበርክ» አለችው።

ሌላው ያየሁት ነገር እግር ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ኮሪደሩን ዙሪ ስትላት የማትነቃነቅ ልጅ፣ ዳቦ ውኃ መጠጣት አለበት፣ ማን ይወስደው ሲባል ወረደች። ማሰሪያው ሁለት ነው፤ አንዱን ወጣቷ ትይዛለች፣ አንዱን ልጅ ይይዛል። ለራሷ ያልሄደችውን መንገድ ለእሱ ሄደችው።

ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ኒው ዮርክ ውስጥ ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን፣ ከማንም ጋር የማይግባባ ልጅ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድሞ ከእናቱ ጋር ደረሰ። ጂንግልስ የተባለው የሌቪንሰን ውሻ ከቢሮው ገና አልወጣም ነበር፤ ሮጦ ልጁን ላሰው፤ ልጁም ያቅፈው ጀመር። ሌቪንሰን ይህን በ1961 ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ የሳቁበት ነበሩ። እሱ ግን አልተወውም፤ ጻፈበት፣ መጽሐፍም አሳተመበት። ዛሬ በአሜሪካ የሕፃናት ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠሩ ውሾች ታሪክ ከዚያ ቢሮ ጋር ይያያዛል።

ውሾቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ የበጎ ፈቃደኞች የቤት ውሾች ናቸው፤ ጠባያቸው ተፈትኖ፣ ከባለቤታቸው ጋር በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል የሚጎበኙ። ሌሎቹ እንደ ዳቦ ሥራቸው ሆስፒታል ነው። ለምሳሌ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ኬናይን ኮምፓንየንስ ቡችሎቹን መጀመሪያ ለበጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦች ይሰጣል፤ እነሱ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ያሳድጓቸውና ይመልሷቸዋል፤ ከዚያ ዋናው ሥልጠና ይጀምራል። ዳቦንም እንዲህ ያሳደገ ቤተሰብ እንዳለ ወጣቷ ነገረችኝ። አሳድጎ፣ ለምዶ፣ ለማያውቀው የታመመ ልጅ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አለ። ስለነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ጥናቶቹንም አየሁ፤ እዚህ ላይ ሐቁን ሳልቀባ መናገር እፈልጋለሁ። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በ5 የሕፃናት ሆስፒታሎች ካንሰር እንዳለባቸው በቅርቡ የተነገራቸውን 106 ልጆች ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን ውሻ እንዲጎበኘው አድርጎ ተከታተለ። የልጆቹ ጭንቀት በሁለቱም ወገን ቀነሰ። ልጆቹ ላይ ውሻው ብቻውን ያመጣው ለውጥ ተለይቶ አልታየም። ለውጡ የታየው ወላጆቹ ላይ ነበር፤ ውሻ የጎበኛቸው ልጆች ወላጆች ጭንቀት ቀለለ። ይህን ሳነብ ያቺ በወንበር ላይ የወሰደችኝ እንቅልፍ ትዝ አለችኝና አለቀስኩ። በ2025 ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ፣ ድንገተኛ ክፍል የገቡ 80 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ሁሉም ልጆች እንደ እኛዋ ወጣት ያለ ባለሙያ አግኝተዋል፤ ግማሾቹ በተጨማሪ 10 ደቂቃ ያህል ከውሻ ጋር ቆዩ። እነዚህ ጭንቀታቸው የበለጠ ቀነሰ፤ የማረጋጊያ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ጥቂት ሆኑ። ሁለቱን ጥናቶች አንድ ላይ ሳያቸው አይጣሉብኝም። ሳምንታትና ወራት የሚዘልቅን የካንሰር ጭንቀት ውሻ አይነቅለውም። ያቺን አንዲት ክፉ ሰዓት ግን ሊያሻግር ይችላል። በሆስፒታል ደግሞ የሚኖረው በሰዓት በሰዓት ነው።

ያገሬ ሰዎች ስለ ንጽሕናው ይጠይቁኛል፤ ሊጠይቁም ይገባል። ነጭ የደም ሴሏ ያለቀ ልጅ አልጋ ላይ ውሻ? ሕጉ ጥብቅ ነው። በ2015 በአሜሪካ የሆስፒታል ኢንፌክሽን ባለሙያዎች ያወጡት መመሪያ፣ ጎብኚ ውሻ ዕድሜው ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲሞላ፣ ንጹሕ ሆኖ እንዲመጣ፣ ጥሬ ሥጋ የሚመገብ ውሻ እንዳይገባ፣ የሚነካው ሰው ሁሉ ከመንካቱ በፊትም በኋላም እጁን እንዲያጸዳ፣ ጉብኝቱም ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የደም ቁጥሯ ወርዶ ተለይታ በተኛችባቸው ቀኖች ዳቦ አልገባም። ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጦ ያያታል፤ እሷ ከውስጥ መዳፏን መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ።

የሰዓቱ ገደብ ለውሻውም ነው። ወጣቷ እንዳስተማረችን፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ አፉን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ በቃኝ ማለቱ ነው። ልጄ ይህን ትምህርት ከማናችንም በላይ ይዛዋለች። አንድ ቀን ገና መጥቶ ብዙ ሳይቆይ «አዛጋ፤ አይፈልግም፣ ይሂድ» ብላ አሰናበተችው። አልከፋትም።

ጎረቤታችን ክፍል ውስጥ ከወሎ የመጣች ሙስሊም እናት ነበረች፤ ወንድ ልጇ ዳቦን በጣም ይወደዋል፤ እሷ በምራቁ ምክንያት ተቸገረች። ለወጣቷ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ዳቦ እዚያ ክፍል ሲገባ አልጋ ላይ አይወጣም፤ ልጁ ኳስ ይወረውርለታል፣ ቁጭ፣ ተነሥ እያለ ያዘዋል፤ መላስ አይኖርም። ማንም አልተቀየመም። ሌላ ቤተሰብ ጨርሶ አልፈለገም፣ በራቸው ላይ ምልክት ተደረገ፣ አበቃ።

ወዳጆቼ «ጥቁር አንበሳም ቢጀመርስ?» ይሉኛል። በበጎ ልብ ነው የሚሉት። እኔ ግን አሁን አይሆንም ባይ ነኝ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በዓለም ላይ አብዷል ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከገጠር ልጁን ተሸክሞ አዲስ አበባ የደረሰ አባት ውሻ ሲያይ ቢደነግጥ ልክ ነው፤ እኔ ያደረግሁትን ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ውሾቹ ይከተቡ። መጀመሪያ የኬሞው መድኃኒት ሳይቋረጥ ይገኝ፣ ቤተሰቡ የሚያድርበት ይኑረው። ልጃቸውን ማቲዎስን በሉኪሚያ ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለዓመታት ሲለፋ የቆየው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ከዳቦ ሥራ ዛሬውኑ ወደ አገር ቤት ልውሰድ ብባል የምወስደው ደፉን ነው፤ በር ላይ ቆሞ መጠየቁን። «በየትኛው ክንድሽ ይሁን?» ብሎ ልጅን መጠየቅ በጀት አይጠይቅም። «ቁጭ ብለሽ ነው ወይስ እናትሽ አቅፋሽ?» ማለትም እንዲሁ። መርፌው አይቀርም፤ ፓስተርም አይቀርም ነበር። ያን ጊዜ ከእምብርቴ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ምናልባት እጄ እስከ ዛሬ ሆዴ ላይ ባልቀረ።

ሕክምናው ከሁለት ዓመት በላይ ወሰደ። አሁን ለክትትል ብቻ ነው የምንሄደው። ዳቦ አፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ በቅርቡ ጡረታ ይወጣል ተብለናል፤ የሚቀረው ወጣቷ ቤት ነው። ባለፈው ስንሄድ ልጄ ክትትሏን ጨርሳ ኮሪደሩ ውስጥ ስታጫውተው እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። መጀመሪያ የነገርኳት ጊዜ «ውሻ አልጋ ላይ? ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ? ጸበል እርጪበት» ብላኝ ነበር። አሁን ስልኩን ወደ እሱ አዞርኩላት። ዝም ብላ አየችው። በየማለዳው እጄን ይዛ ፓስተር የወሰደችኝ እማዬ ናት፤ ምን እያሰበች እንደሆነ አላጣሁትም።

«አይናከስም?» አለችኝ።

«አይናከስም እማዬ።»

«አንቺስ? ነካሽው?»

ከሁለት ዓመት በላይ ስናውቀው እጄን አሳርፌበት አላውቅም ነበር። ልጄ ሰምታለች። ተነሥታ አጠገቤ መጣችና፣ እጄን ሳትይዝ፣ ሳትጎትተኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «ካልፈለግሽ ይሄዳል።»